ድንጋይ ለቅመሽ ቤት አትሠሪም

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጃችሁ ወይም ታናሽ እህታችሁ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በጥሩ ውጤት ጨረሰች እንበል። ቤተሰቡ እፎይ ብሏል፤ ቡናው ተፈልቷል፤ ፈንዲሻው ቀርቧል። «እንግዲህ የት ልትቀጠሪ አሰብሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ረጋ ብላ «መቀጠሉ ይቆየኝ፤ መማር ነው የምፈልገው። የጥንት ሰዎች ይሠሩባቸው የነበሩትን የድንጋይ መሣሪያዎች ማጥናት እፈልጋለሁ፤ እስከ ዶክትሬት» ብትላችሁ ምን ትመልሱላታላችሁ?

እኔ የመለስኩትን ልንገራችሁ። «ድንጋይ ለቅመሽ ቤት አትሠሪም» አልኳት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷም የሳቀች መስሎኝ ነበር።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ታናሽ እህቴ በአርኪዮሎጂና ቅርስ አስተዳደር የተመረቀችበት ሳምንት ነበር። እኔ የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። መሥሪያ ቤቴ አንድ ዘመቻ ሲያወጣ ሦስት ወር ጠብቀን «ስንት አወጣን? ስንት መለሰ?» እንላለን። የእህቴንም ሕይወት በዚያው ሚዛን አስቀመጥኩት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ በኤክሴል ሠንጠረዥ ሠራሁላት። በአንድ በኩል ባንክ ብትገባ የምታገኘው ደመወዝ፣ ዓመታዊ ጭማሪው፣ የሠራተኛ የቤት ብድሩ። በሌላ በኩል ሁለት ዓመት ማስተርስ፣ ከዚያ አምስት ስድስት ዓመት ዶክትሬት። ቁጥሩ የሚለው ግልጽ ነበር። ላክሁላት። «አመሰግናለሁ» ብላ መለሰችልኝ።

ማስተርሷን እዚሁ አገር ጀመረች። ስለ ትምህርቷ ለእኔ መንገር ግን አቆመች። እኔም ሥራ በዝቶብኝ አላስተዋልኩም።

ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቅዳሜ ላፕቶፔ ተበላሽቶ የእሷን ተዋስኩ፤ ስከፍተው ኢሜይሏ ፊቴ ላይ ነበር። ማንበብ አልነበረብኝም፤ አነበብኩ። አምስት የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች፣ አምስት መልሶች። አምስቱም «እናዝናለን» የሚሉ። አንደኛው የደረሳት የፋሲካ ዋዜማ ነው። በማግስቱ ዶሮ ወጡን ስንበላ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። እጇን ታጥባ፣ አጉርሳኝ፣ ስቃ፣ ሳህን አንሥታለች። ለማንም አልተናገረችም። ለምን እንደሆነ አሰብኩ። ብትነግረን «አላልንሽም?» እንደምንላት ታውቃለች። በተለይ እኔ።

ያንኑ ዕለት ማታ እንዳየሁት ነገርኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። ተቆጣች፤ ቀጥላም አለቀሰች። ከዚያ በኋላ «እሺ፣ መንገዱ እንዴት እንደሆነ አስረጂኝ፤ ዛሬ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ» አልኳት። ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣች። የዛሬው ጽሑፌ ከዚያች ወረቀት የተነሣ ነው። በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር የሚመኝ ልጅ ካለ፣ እኔ በሦስት ዓመት ዘግይቼ ያወቅሁትን እናንተ በጊዜ እንድታውቁት ብዬ ነው።

አሥራ ስድስት ዓመት

መጀመሪያ የነገረችኝ ይህ ትምህርት አንድ በር ብቻ እንደሌለው ነው። የጥንት ሰው አጥንትን የሚያጠና አለ፤ ያ ሰው የሠራውን መሣሪያ፣ ያነደደበትን ምድጃ፣ የበላውን እንስሳ ቅሪት የሚያጠና አለ፤ ሁሉም የተገኙበትን አፈርና የእሳተ ገሞራ አመድ የሚያጠና ደግሞ አለ። አንዱ ያለ ሌላው ብዙ አይራመድም። ስለዚህ ከታሪክም፣ ከጂኦሎጂም፣ ከባዮሎጂም ተነሥቶ ወደዚህ ሙያ መግባት ይቻላል። ከዚያ የአገራችንን ሰዎች እየጠራች ዓመቶቹን በወረቀቱ ላይ ደረደረችልኝ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንዳለ ልጻፍላችሁ።

ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጂኦሎጂ ተመረቁ፤ በብሔራዊ ሙዚየምም ሠሩ። በ1994 ፈረንሳይ፣ ሞንፔሊየ ማስተርሳቸውን አገኙ። በ1998 ፓሪስ ዶክትሬታቸውን ጨረሱ። በ1999 አፋር ውስጥ ዲኪካ በተባለው ቦታ የራሳቸውን ምርምር ጀመሩ። ዲሴምበር 10 ቀን 2000 የቡድናቸው አባል ጥላሁን ገብረሥላሴ ከአሸዋ ድንጋይ ውስጥ የሚያይ የሚመስል አንድ ትንሽ ፊት አየ። ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ናት። ሁላችንም «ሰላም» ብለን የምናውቃት።

ሰላም ለዓለም ይፋ የሆነችው ግን በ2006 ነው። እስከዚያስ ምን ይሠራ ነበር? አሸዋው በአጥንቱ ላይ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ዘረሰናይ የጥርስ ሐኪም በሚጠቀምበት ዓይነት መሣሪያ ፍሬ በፍሬ ያነሡት ነበር። ከመጀመሪያ ዲግሪ እስከ ሰላም ይፋ መሆን ብትቆጥሩት አሥራ ስድስት ዓመት ነው። እኔ በሦስት ወር ውጤት የምጠይቅ ሰው፣ እዚያ ቁጥር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዋን ይዤ ዝም አልኩ።

ፕሮፌሰር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የመጀመሪያ ዲግሪያቸው ታሪክ ነው፤ 1982፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። ማስተርሳቸው 1992፣ ዶክትሬታቸው 2001፣ ሁለቱም በካሊፎርኒያ በርክሌይ። ገና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳሉ፣ በ1994፣ «አርዲ» የተባለችውን የ4.4 ሚሊዮን ዓመት ቅሪት የመጀመሪያ የእጅ አጥንት ያገኙት እሳቸው ናቸው። የአርዲ ጥናት ተጠናቆ የታተመው በ2009 ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ። ዛሬ በአሜሪካ አሪዞና የሰው ልጅ አመጣጥን የሚያጠናውን ተቋም ይመራሉ።

ዶክተር ስለሺ ሰማው ደግሞ የእህቴ ጀግና ናቸው፤ የድንጋይ ሰው ስለሆኑ። አፋር ውስጥ ጎና በተባለ ቦታ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸውን ተጠርበው የተሠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች አጥንተው በ1997 ለዓለም አቀረቡ። በዚያን ጊዜ በዓለም ከታወቁት ሁሉ ጥንታዊዎቹ እነዚያ ነበሩ። ዶክትሬታቸውን ያገኙትም በዚያው ዓመት ነው።

«አየህ፣» አለችኝ፣ «አንተ የሠራኸው ሠንጠረዥ ስህተት አይደለም። የሚያልቀው ግን ሥራው ገና ሲጀምር ነው።»

ገና ያለ እሷ

በሚቀጥለው ቀን ወረቀቱን ይዘን ወላጆቻችን ፊት ቀረብን። እማዬ ከሁሉ በፊት የጠየቀችው «በዓል በዓል ትመጫለሽ?» ብላ ነው። እዚህ ላይ እህቴ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አሳየችን። የታላላቆቹን ግኝቶች ቀን ተመልከቱ አለች። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው ኖቬምበር 24 ቀን 1974 ነው። አርዲ ኖቬምበር፣ ሰላም ዲሴምበር። ዮሐንስ ኃይለሥላሴና ባልደረቦቻቸው ያጠኑት የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል የተገኘው በፌብሩዋሪ 2016 ነው። ሁሉም ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አፋር ላይ ቀኑን ሙሉ መሬት መሬት እያዩ መራመድ የሚቻለው ዝናቡ አባርቶ፣ ሙቀቱም ትንሽ ሲበርድ ነው። ይህ ወቅት ደግሞ በእኛ አገር ገናና ጥምቀት ነው።

ይህንን ለቤተሰብ ማንም አይነግረውም። ልጃችሁ የዚህ ሙያ ሰው ብትሆን ለብዙ ዓመት ገናን ድንኳን ውስጥ ታሳልፋለች። እማዬ ዝም ብላ ቆየችና «ፋሲካንስ?» አለች። «ፋሲካን እሞክራለሁ» ተባለች። ድርድሩ በዚሁ ተዘጋ።

ሌላው የእማዬ ጥያቄ ከባድ ነበር። «አዳምና ሔዋንን የት ልታደርጊያቸው ነው?» አለቻት። ብዙ አማኝ ቤተሰብ ውስጥ ይህ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፤ ታፍኖ ከሚቀር መነሣቱ ይሻላል። እህቴ አልተከራከረችም። «እማዬ፣ እኔ የማጠናው ድንጋዩ መቼ እንደተጠረበ፣ እንዴትስ እንደተጠረበ ነው። ማን ፈጠረን የሚለውን በድንጋይ የምመልስበት መሣሪያ የለኝም» አለቻት። እማዬ ሙሉ በሙሉ ተዋጠላት አልልም። «ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ጾሙንም እንዳትተዪ» ብላ ግን ነገሩን አሳለፈችው።

የአባታችን ፍርሃት ሌላ ነው። አባታችን ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ወጣትነታቸውን የጨረሱት የአሰብ መንገድ ላይ ነው። አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎግያን እንደ መንደራቸው ያውቋቸዋል። ስለዚህ ሲከለክሉ ሳያውቁ አልነበረም። «እኔ ያንን ሙቀት አውቀዋለሁ» አሉ። «ጎማ ፈንድቶብኝ ሁለት ቀን ተቀምጫለሁ። ውሃ ሲያልቅ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ሴት ልጄን እዚያ አልክም።»

እህቴ መልስ አልሰጠችም። «እሑድ አንድ ቦታ ልወስዳችሁ?» ብቻ አለች።

የአዋሽ ዳር እሑድ

የወሰደችን መልካ ቁንጡሬ ነው። ያልሄዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ያልቃል። አዋሽ ዳር ያለ ቦታ ነው፤ ትንንሽ የሣር ክዳን ቤቶች የሚመስሉ የሙዚየም ክፍሎች አሉት። ባልጩት ከተባለው ጎረቤቱ ጋር በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አባታችን ድልድዩ አጠገብ ቆመው ወንዙን ሲያዩ ቆዩ። «ይሄ አዋሽ ነው አይደል?» አሉ። ነው። እዚህ ደጋው ላይ ያየነው ውሃ ወርዶ ወርዶ አርዲንና የጎናን ድንጋዮች፣ ሰላምንና ድንቅነሽን ባስገኘው ሸለቆ ያልፋል፤ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። አባታችን ወጣትነታቸውን ሙሉ ከዚህ ወንዝ ጎን ለጎን ነድተዋል። ሐዳር ከአሰብ መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ብሎ ያለ ቦታ እንደሆነ እህቴ ስትነግራቸው «በዚያ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ» አሉ። «እኛ ቶሎ እንለፈው ነበር የምንለው።»

እህቴ የአፈሩን ንብርብር እያሳየች ዕድሜው እንዴት እንደሚታወቅ ነገረችን። የእማዬን መሶብ ምሳሌ አደረገችው። ትኩሱ እንጀራ ከላይ ይደረባል፤ ከሥር ያለው ቀድሞ የተጋገረ ነው። መሬትም እንደዚያው ነው። በንብርብሩ መካከል እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ሲገኝ፣ በውስጡ ያሉት ማዕድናት ዕድሜ ላቦራቶሪ ውስጥ ይለካል። ከአመዱ በታች የተገኘ ድንጋይ ከአመዱ ይበልጣል፤ ከአመዱ በላይ የተገኘው ያንሳል። «ስለዚህ አጥንት ወይም ድንጋይ ከቦታው ተነሥቶ ከተወሰደ፣ ዕድሜውም ታሪኩም አብሮ ይጠፋል» አለችን። ልጆቻችሁ ለሽርሽር ወጥተው የተጠረበ የሚመስል ድንጋይ ቢያገኙ ፎቶ አንሥተው እዚያው እንዲተዉት የምትነግሯቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ጎምቦሬ ስለተባለው ስፍራ ነገረችን። መልካ ቁንጡሬ ውስጥ ነው። ከ700 ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ጭቃ ላይ የረገጡት ዱካ እዚያ ተገኝቷል። ሰዎቹ ድንጋይ ይጠርቡ፣ ጉማሬም ያርዱ ነበር። ዱካዎቹ ግን የአዋቂ ብቻ አይደሉም፤ የትንንሽ ልጆችም አሉ። ልጆቹን ይዘው ነው ሥራ የወጡት። ትልልቆቹ ሲሠሩ ትንንሾቹ በመካከላቸው ይሯሯጡ ነበር።

እማዬ «ታዲያ ማን ጋ ይተዋቸው?» አለች፤ ሁላችንም ሳቅን። አባታችን አልሳቁም። እየተመለስን ሳለ፣ መሪውን ይዘው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ «ውሃውን ማነው የሚያመላልስላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተለወጠ ማለት ነው። «አልክም» ቀርቶ «እንዴት ነው የምትኖሩት?» ሆነ።

እህቴም አብራራች። የምርምር ቡድን ውሃውን፣ ምግቡን፣ ነዳጁን ጭኖ ነው የሚወጣው። ፈቃዱን የሚሰጠው የቅርስ ባለሥልጣን ነው። ቦታውን የሚያውቁት፣ መንገድ የሚመሩት፣ ካምፕ የሚጠብቁት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚያገኙትም እነሱ ናቸው። ያንን የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል የመጀመሪያ ቁራጭ ያየው አሊ በሪኖ የተባለ የአፋር አርብቶ አደር ነው። አባታችን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎማ የፈነዳብኝ ጊዜ ወተት ያጠጡኝ እነሱ ናቸው» አሉ። ይህን ታሪክ በልጅነታችን ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ የወተቱን ነገር ግን የዚያን ቀን ነው የነገሩን።

አንድ ሺህ ሰው የሚጽፈው ዓረፍተ ነገር

ቤተሰቡ መለስ ሲል ሁለተኛውን ዙር ማመልከቻ አብረን ጀመርን። የመጀመሪያው ለምን እንዳልተሳካ ለማወቅ የጻፈችውን አስነበበችኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ታሪክ እወድ ነበር» ይላል መግቢያው። እዚህ ላይ የእኔ ሙያ ጠቀመ። «ይህን ዓረፍተ ነገር አንድ ሺህ አመልካች ሊጽፈው ይችላል። አንቺ ብቻ የምትጽፊው የቱ ነው?» አልኳት።

ብዙ አሰበች። ከዚያ ስለ ባልጩት መናገር ጀመረች። ባልጩት እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ፣ ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚስል ጥቁር ድንጋይ ነው። በመልካ ቁንጡሬ አካባቢ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ በብዛት ተጠርቧል። የሚገርመው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በደቡብ አገራችን ቆዳ ፋቂዎች በድንጋይ መፋቂያ ይሠሩ ነበር፤ የኮንሶ ሴት ቆዳ ፋቂዎች እንዴት እንደሚጠርቡት፣ እንዴት እንደሚይዙት ተመራማሪዎች እግራቸው ሥር ተቀምጠው አጥንተዋል። ባልጩት ደግሞ ምሥጢር አይደብቅም። በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች መጠን ከየትኛው እሳተ ገሞራ እንደወጣ ይናገራል። ስለዚህ አንድ ቁራጭ ከተገኘበት ቦታና ከመነጨበት ተራራ መካከል ያለው ርቀት፣ ሰዎቹ ምን ያህል እንደተጓዙ ወይም ከማን ጋር እንደተለዋወጡ ያሳያል።

«እኔ ማወቅ የምፈልገው ሰው መቼ ነው ለአንድ ጥሩ ድንጋይ ብሎ ሩቅ መሄድ የጀመረው የሚለውን ነው» አለች። «በቃ፣ መግቢያሽ ይህ ነው» አልኳት።

ሁለተኛው የተማርነው ነገር የሚያመለክቱት ለዩኒቨርሲቲ ስም ሳይሆን ለሰው መሆኑን ነው። የዶክትሬት ተማሪ የሚቀበለው በመጨረሻ አማካሪ የሚሆነው መምህር ነው። በመጀመሪያው ዙር አንድም መምህር ሳታነጋግር ነበር ያስገባችው። በሁለተኛው ዙር ከመጨረሻው ቀን ከወራት በፊት ጽሑፎቻቸውን አንብባ ለአራት መምህራን አጭር ኢሜይል ጻፈች። ሁለቱ አልመለሱም። አንዱ ዘንድሮ ተማሪ እንደማይወስድ ነገራት። አንዷ ግን «ስለ ባልጩቱ ጥያቄ እንነጋገር» አለቻት።

የተቀሩት ጣጣዎች እናንተም የምታውቋቸው ዓይነት ናቸው። ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ልጃችሁ ከመምህራኗ ጋር ያላት ግንኙነት ከውጤቷ እኩል ዋጋ አለው። የማመልከቻ ክፍያ አንዳንድ ቦታ በጥያቄ ይቀራል፤ መጠየቅ ነውር የለውም። የእንግሊዝኛ ፈተናው ግን በዶላር ነው። አሜሪካ ያለች የአክስታችን ልጅ በካርዷ ከፈለችልን።

ባለፈው መጋቢት መልሱ መጣ። ተቀብለዋታል፤ ሙሉ ወጪዋም ተሸፍኗል። አባታችን ኢሜይሉን ሁለት ጊዜ አስነበቧት።

ከ«እሺ» በፊት፣ ከ«እምቢ»ም በፊት

ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ይዛ ብትመጣ፣ እኔ እንዳደረግሁት ሠንጠረዥ ከመሥራታችሁ በፊት ጥቂት ጥያቄዎች ጠይቋት። ለመፈተን ሳይሆን አብራችኋት ለማሰብ።

አንደኛ፣ ምን ማወቅ ነው የምትፈልገው? «ቅሪተ አካል እወዳለሁ» ጅማሬ ነው እንጂ መልስ አይደለም። በአንድ ዓረፍተ ነገር የምትነግራችሁ ጥያቄ ካላት መንገዱን ግማሽ ሄዳለች። ከሌላት አገር ውስጥ ማስተርስ ተምራ፣ ሙዚየም ወይም መስክ ላይ ሠርታ ጥያቄዋን የምታገኝበት ጊዜ ስጧት። ዘረሰናይም ፈረንሳይ ከመሄዳቸው በፊት አምስት ኪሎ ሙዚየም ነበሩ።

ሁለተኛ፣ ከማን ጋር ነው የምትማረው? የአማካሪዋ የቀድሞ ተማሪዎች ዛሬ የት ናቸው? በስንት ዓመት ጨረሱ? ይህን እነሱኑ ጽፋ ትጠይቃቸው።

ሦስተኛ፣ ማን ይከፍላል፣ እስከ መቼ? በአሜሪካ ዶክትሬት አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመት ይወስዳል፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ከማስተርስ በኋላ ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው። ጥሩ ፕሮግራም የትምህርት ክፍያውን ትቶ፣ መምህራንን በማገዟ ወይም በምርምር በመሥራቷ የወር መተዳደሪያ ይሰጣታል። እዚህ ላይ ግን እንተማመን። ያ ገንዘብ ለቤት ኪራይና ለምግብ የሚበቃ ነው፤ ወደ ቤት የሚላክ አይደለም። ጎረቤት «ውጭ ሄደች? እንግዲህማ አለፈላችሁ!» ሲላችሁ፣ እናንተ አምናችሁ ልጅቷን በስልክ አታስጨንቋት።

አራተኛ፣ ባይሳካስ? የመምህርነትና የተመራማሪነት ቦታ በዓለም ሁሉ ጥቂት ነው፤ ይህን መደበቅ አይጠቅምም። ነገር ግን በመንገዱ ላይ የምትማረው ካርታ መሥራት፣ ስታቲስቲክስ፣ የላቦራቶሪ ሥራ፣ ሰው ማስተባበርና ሪፖርት መጻፍ ባዶ እጇን አያስቀሯትም። ሙዚየሞች፣ የቅርስ መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ግድብና መንገድ ከመሠራቱ በፊት የቅርስ ዳሰሳ የሚያስጠኑ ፕሮጀክቶች፣ ቱሪዝምም እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጋሉ።

አምስተኛው ጥያቄ ለእናንተ ነው። ስንት ገና ያለ እሷ ማሳለፍ ትችላላችሁ? ደግሞስ «አልተቀበሉኝም» የምትልበት ቀን ሲመጣ፣ በመጀመሪያ የምትደውለው ለእናንተ ይሆን? በዚህ መንገድ ላይ እምቢታ ብዙ ነው። ያመለከቱት አይሳካም፤ የጻፉት ይመለሳል፤ አንድ ወር ሙሉ ተራምደው ምንም ሳያገኙ የሚመለሱበት ዓመት አለ። እኔ እህቴን ከአምስቱ እምቢታዎች ላድናት አልችልም ነበር። ብቻዋን እንዳታነባቸው ማድረግ ግን እችል ነበር። ያንን ነው በአንድ ቀልድ ያበላሸሁት።

በሚቀጥለው ወር ትሄዳለች። ሻንጣዋ ሳሎን ውስጥ ተከፍቶ ይውላል፤ እማዬ በርበሬና ሽሮ ትጨምራለች፤ እህቴ መጽሐፍ ለማስገባት ታወጣዋለች። ባለፈው እሑድ አባታችን ከጓዳ ያረጀ ኮዳ ይዘው ወጡ። የአሰብ መንገድ ኮዳቸው ነው፤ ጨርቁ ተቀዷል፤ ክዳኑ ግን አሁንም ጥብቅ ነው። «ለመጀመሪያው መስክሽ» ብለው ሰጧት። ሌላ ምንም አልተናገሩም።

ቡናው ላይ ያችን የድሮ ቀልዴን ማን እንዳነሣት አላስታውስም። «ድንጋይ ለቅመሽ ቤት አትሠሪም» ተባለና ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት ሳይ እማዬ ሲኒውን እያቀበለችኝ «ደግሞ ቤት በምን ሊሠራ ኖሯል? መሠረቱ ድንጋይ አይደል እንዴ?» አለች። የዚያን ጊዜ እህቴ ከልቧ ሳቀች።